የኤንቢኤ ደሞዝና ድል፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈራችን ልጆች ዳታ አስተምራለሁ። ኤክሴል ገና የሚከፍቱ አሉ፤ ኮድ የሚጽፉም አሉ። በመጨረሻ የየራሳቸውን ጥያቄ መርጠው እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ያኔ በየዙሩ ቢያንስ አንዱ ይህችን ይዞ ይመጣል፦ በኤንቢኤ፣ በአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የሚያሸንፈው ደሞዙን ለሁሉም ቀረብ ቀረብ አድርጎ የሚከፍል ቡድን ነው ወይስ ለአንድ ለሁለት ኮከብ የሚያፈስ?

ጥያቄዋን እወዳታለሁ። የሠራተኛው ደሞዝ በአደባባይ የሚታይበት መሥሪያ ቤት የት ይገኛል? እዚህ ግን የሠላሳው ቡድን ተጫዋች ሁሉ ደሞዝ ይታወቃል። ውጤቱም በየማታው ይቆጠራል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

ችግሩ መልሱ ቶሎ መምጣቱ ነው። ልጁ ሁለት ዓምድ ያወርዳል፣ አንድ ቀመር ይጽፋል፣ መስመር ያሰምራል፣ አለቀ። «ጋሼ፣ እኩልነት ያሸንፋል» ይለኛል። በሚቀጥለው ዙር ሌላው ይመጣና «ጋሼ፣ ኮከብ ያሸንፋል» ይላል። ሁለቱም ቁጥር ይዘው ነው የሚመጡት። ባለፈው ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ማታ ቤት ገብቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ደሞዝን እንደ ችሎታ ማንበብ

ብዙ የምናገረው ስለዚህ ነው። ሌሎቹ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይወለዳሉ።

ልጆቹ «ብዙ የሚከፈለው የተሻለው ተጫዋች ነው» ብለው ይነሳሉ። ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፤ ግን ሥራው ሁሉ እዚያ ላይ ይቆማል። ደሞዝ ግን ተጫዋቹ ዛሬ ምን እንደሚችል አይነግርህም። የሚነግርህ ውሉ የተፈረመበትን ቀን ነው። ያን ቀን ዕድሜው ስንት ነበር? ጤናው እንዴት ነበር? የደሞዝ ጣሪያው (ሊጉ በየዓመቱ ለአንድ ቡድን ጠቅላላ ደሞዝ የሚያወጣው ወሰን፤ በልዩ ፈቃድ ይታለፋል) ስንት ነበር? ሕጉስ ምን ይፈቅድ ነበር? ከዚያ በኋላ ሰውየው ይለወጣል፤ ወረቀቱ ባለበት ይቆያል።

ስቴፍ ከሪን ውሰዱ። በ2012 ውል ሲፈርም ቁርጭምጭሚቱ አስቸጋሪ ነበር። በዚያው ዓመት በተጠናቀቀው የውድድር ዘመን የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው። ስለዚህ ለ4 ዓመት 44 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ያን ጊዜ ለቡድኑ ለጎልደን ስቴት ይህ ገንዘብ ቁማር ይመስል ነበር። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ ዳነ።

በ2014-15 ቡድኑ 67 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ከሪ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። የደሞዙን ዝርዝር ስትከፍቱ ግን ከላይ የምታገኙት ዴቪድ ሊን ነው፤ 15 ሚሊዮን። ቀጥሎ አንድሩ ቦገት ወደ 13። ከዚያ አንድሬ ኢጉዳላ 12 ሚሊዮን ከምናምን። ከሪ አራተኛ ነው፤ 10.6 ሚሊዮን። ክሌይ ቶምሰን 3 ሚሊዮን። ድሬይመንድ ግሪን 915 ሺህ። አዎ፣ ሺህ። ሊ በጉዳት ሲወጣ ግሪን ገባ፤ ቦታውን ከዚያ በኋላ ማንም አልወሰደበትም። 915 ሺህ የሚከፈለው ቋሚ ሆነ፤ 15 ሚሊዮን የሚከፈለው ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ባለፈው ቅዳሜ የመጣው ልጅ ይህንን ቡድን አይቶ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ኮከቡ ከሌሎቹ በልጦ አይከፈለውም፤ ቡድኑ አሸነፈ፤ ስለዚህ እኩል ክፍያ ያሸንፋል።»

ወደ ሌላ ቡድን ወሰድኩት። ቺካጎ ቡልስ፣ 1997-98። ማይክል ጆርዳን 33.1 ሚሊዮን ዶላር። ከቡድኑ ጠቅላላ ደሞዝ ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ስኮቲ ፒፔን፣ ከሊጉ ምርጦች አንዱ፣ 2.8 ሚሊዮን። በቡድኑ ውስጥ ስድስተኛ ተከፋይ ነበር። ሉክ ሎንግሊ እንኳ ይበልጠው ነበር። ፒፔን ያንን ረጅም ውል የፈረመው በ1991 ነው። ከ12 ልጆች የመጨረሻው ነው፤ አባቱም አንድ ወንድሙም በተሽከርካሪ ወንበር ይኖሩ ነበር። የፈለገው እርግጠኛ ገንዘብ ነበር፤ አገኘ። ከዚያ የሊጉ ደሞዝ ወደ ላይ ሲተኮስ እሱ እዚያው ቀረ። ቺካጎ 62 ጨዋታ አሸነፈ፤ ዋንጫውንም ወሰደ።

ልጁ ዝም ብሎ ስክሪኑን አየ። «ታዲያ ጋሼ፣ ይሄ ተቃራኒ ነው።»

ተቃራኒ ይመስላል። አንዱ ጋ ደሞዙ ሰብሰብ ያለ ነው፤ ሌላው ጋ ሰማይና ምድር። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ጠይቁ፦ ቡድኑ በምን አሸነፈ? ጎልደን ስቴት የሊጉን ምርጥ ተጫዋች በ10.6 ሚሊዮን አገኘ፤ ግሪንንና ቶምሰንን ደግሞ በርካሽ። ቺካጎ ፒፔንን በ2.8 ሚሊዮን አገኘ። ሁለቱም ያሸነፉት ከሚከፍሉት በላይ ችሎታ ስለያዙ ነው። ርካሹ ሰው የመጀመሪያው ኮከብ ሲሆን ዝርዝሩ ጠፍጣፋ ይመስላል። ርካሹ ሰው ሁለተኛው ኮከብ ሲሆን ዝርዝሩ ገደል ይመስላል። ምክንያቱ አንድ፣ ቅርጹ ሁለት።

እዚህ ላይ ነው የምበሳጨው። ልጆቹን አይደለም፤ ብዙ ትልልቅ ሰዎችም በቴሌቪዥን ቁጭ ብለው ይህንኑ ያወራሉ። የክፍያውን ቅርጽ ያዩና ስለ ፍትሕ፣ ስለ ኅብረት፣ ስለ መሪነት ይተነትናሉ። ቅርጹ ግን የተለያየ ዓመት ውሎች አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ የፈጠሩት ነው።

ስለዚህ ከደሞዙ አጠገብ ሦስት ዓምድ ጨምሩ። ውሉ የተፈረመበት ዓመት። የውሉ ዓይነት፦ በድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት) የመጣ የጀማሪ ውል ነው፣ ማክስ (ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ) ነው፣ ዝቅተኛው ነው ወይስ በነጻ ድርድር የተገኘ? ሦስተኛው፣ ተጫዋቹ በዚያ ዓመት በሜዳ ላይ ያደረገውን የሚለካ አንድ ቁጥር። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ልዩነት ማውራት የሚቻለው። ለችሎታ የተከፈለ ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ ያለ ቦታው የተከፈለ ልዩነት ሌላ። ሁለቱን አንድ ላይ ከደመራችኋቸው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ።

የ1998ን ዶላር ከ2025 ዶላር ጋር መደመር

ይሄ በቀላሉ ይታረማል። ደሞዙን በዚያ ዓመት የደሞዝ ጣሪያ አካፍሉት። ጣሪያው በ1984-85 ሲጀመር 3.6 ሚሊዮን ነበር። በ2025-26 ወደ 154.6 ሚሊዮን ደርሷል።

ነገሩ ግን ከማካፈልም ያልፋል። ጆርዳን ያን ዓመት ያገኘው ከጣሪያው 123 በመቶ ነው፤ ጣሪያው 26.9 ሚሊዮን ነበራ። በዛሬ ሒሳብ ከ190 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ነው። ዛሬ ይህንን ማንም ሊያገኝ አይችልም፤ ሕጉ ይከለክላል። ከ1999 ጀምሮ ለአንድ ተጫዋች የሚከፈለው ገደብ አለው። እንደ አገልግሎት ዘመኑ ውሉ የሚጀምረው ቢበዛ ከጣሪያው 25፣ 30 ወይም 35 በመቶ ላይ ነው። ከሪ በ2025-26 የሚያገኘው 59.6 ሚሊዮን ነው። ብዙ ገንዘብ ነው፤ ግን ገበያው ቢለቀቅ የት ይደርስ ነበር?

ይህ ማለት ከላይ ያሉት ኮከቦች በሕግ ርካሽ ናቸው። የሊጉ አንደኛና የሊጉ ሃያኛ ተጫዋች አንድ ዓይነት ደሞዝ ሊያገኙ ይችላሉ። ከ1999 በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ላይ ቀላቅሎ «የደሞዝ ልዩነት» የሚል ቁጥር ማውጣት ሁለት የተለያየ ጨዋታ እንደ መደባለቅ ነው።

ስም ዝርዝር ላይ ያለውን ሁሉ መቁጠር

ይህን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቻለሁ። የዛሬ ብዙ ዓመት ነው። የዓመቱን መጨረሻ የደሞዝ ዝርዝር አወረድኩ፤ ለየቡድኑ ጂኒ አሰላሁ። ጂኒ ማለት የልዩነት መለኪያ ነው፤ ሁሉም እኩል ሲያገኝ ዜሮ፣ አንዱ ጠቅልሎ ሲወስድ ወደ አንድ ይጠጋል። ውጤቱ ደስ የሚል ነበር፦ ልዩነት የበዛበት ቡድን ይሸነፋል። ሰዎች ሰብስቤ አቀረብኩት። ከተቀመጡት አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ይሄ ቡድን ለምን 22 ተጫዋች አለው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱ ቀላል ነበር። የተሸነፈ ቡድን በዓመቱ መጨረሻ ሰው ይቀያይራል። ጉዳተኛውን ያሳርፋል፤ የአስር ቀን ውል እየሰጠ ልጆችን ይሞክራል። እነዚያ ሁሉ በትንሽ በትንሽ ደሞዝ ዝርዝሩ ውስጥ ይገባሉ።

በቁጥር እንየው። አስር ተጫዋች አለን እንበል፤ እያንዳንዱ 10 ሚሊዮን። ጂኒው ዜሮ ነው። አሁን በ100 ሺህ ዶላር የአስር ቀን ውል የተፈራረሙ አምስት ልጆች ጨምሩ። ጂኒው ከዜሮ ተነስቶ 0.33 ገደማ ይደርሳል። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። ዋናዎቹ አስር ዛሬም እኩል ናቸው። ወረቀቱ ግን «ልዩነት ፈነዳ» ይላል። መሸነፉ ነው ልዩነቱን የፈጠረው፤ እኔ ግን ልዩነቱ መሸነፉን ፈጠረ ብዬ ነበር።

ሌላው ደግሞ ደሞዝ እየበላ የማይጫወት ሰው ነው። እኛ የዋሽንግተን ሰፈር ሰዎች ጆን ዎልን እንወደዋለን። በ2021-22 የሂውስተን ተጫዋች ነበር፤ 44.3 ሚሊዮን። አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም። ክለቡና እሱ ተስማምተው ነው ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠው። ሂውስተን ወጣቶችን አሰልፎ 20 አሸንፎ 62 ተሸነፈ። በልጆቹ ፋይል ላይ ሂውስተን ሁልጊዜ «ለአንድ ኮከብ ከፍሎ የተዋረደ ቡድን» ሆኖ ይወጣል። ኮከቡ ሜዳ ላይ አልነበረም!

መፍትሔው ደሞዝን በተጫወቱት ደቂቃ መመዘን ነው። አንድ ጨዋታ 48 ደቂቃ ነው፤ አምስት ሰው፤ 240 ደቂቃ። ከዚያ 240 ውስጥ ድርሻ የሌለው ሰው ልዩነት ውስጥም ድርሻ አይኑረው።

የትኛው ቀደመ ብሎ አለመጠየቅ

ኦክላሆማ ሲቲ በ2024-25 68 ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር ወደ 36 ሚሊዮን ይከፈለው ነበር። ጄለን ዊልያምስና ቼት ሆምግረን ገና በጀማሪ ውላቸው ላይ ነበሩ፤ ዊልያምስ 5 ሚሊዮን እንኳ አይሞላም። ዋንጫው በተወሰደ በሳምንታት ውስጥ፣ ሐምሌ 2025 ላይ፣ ሦስቱም አዲስ ውል ፈረሙ። የሼይ ብቻ ለ4 ዓመት 285 ሚሊዮን ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ልጅ ፋይሉን ሲከፍት «ሦስት ኮከብ ላይ ገንዘብ ያፈሰሰ ኃይለኛ ቡድን» ያያል። ገንዘቡ ግን ድሉን ተከትሎ ነው የመጣው። ስለዚህ የዘንድሮን ደሞዝ ከአምና ድል ጋርም አወዳድሩት። ከዘንድሮው ድል ይልቅ ከአምናው ጋር ከተያያዘ፣ የምታዩት ሽልማት ነው።

ብዛትና ክፍፍልን ማምታታት

ጠቅላላ ምን ያህል ተከፈለ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ለማን ለማን ተከፋፈለ የሚለው ሌላ። ኒውዮርክ ኒክስ በ2005-06 ከሊጉ ሁሉ በላይ እየከፈለ 23 ጨዋታ ብቻ ነው ያሸነፈው።

ዲትሮይትን ማስረጃ ማድረግ

«ጋሼ፣ የ2004ቱ ዲትሮይትስ?» ይሉኛል። ያለ ኮከብ ያሸነፈ ቡድን። ሻኪል ኦኒልን፣ ኮቢ ብራያንትን፣ ካርል ማሎንንና ጌሪ ፔይተንን ያሰለፈውን ሌከርስ በፍጻሜው 4 ለ 1 ነው የረታው። እኔም ያንን ቡድን ከልቤ እወደዋለሁ። መከላከልን በእነሱ ነው የተማርኩት።

ግን ደሞዙን አይታችኋል? በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የመጣው ራሺድ ዋላስ ወደ 17 ሚሊዮን ነበር ደሞዙ። ቤን ዋላስ፣ የቡድኑ ግድግዳ፣ የእሱን ሲሶ ያህል ነው የሚያገኘው። ቾንሲ ቢላፕስ የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ እሱም ወደዚያው። ቴይሾን ፕሪንስ በጀማሪ ውል። ጨዋታው እኩል ተከፋፍሏል፤ ደሞዙ ግን አልተከፋፈለም። ሰዎች ኳስ አያያዛቸውን አይተው ደሞዛቸውን ይገምታሉ።

ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ራሺድ በዓመቱ መሐል ነው የመጣው። ብዙ ዝርዝር ላይ የዓመቱ ሙሉ ደሞዝ በመጨረሻው ቡድኑ ስም ይጻፋል። የተዘዋወረ ተጫዋች ካለ በእጅ አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን ሥራው እሱ ነው።

«ሦስት ኮከብ አይሠራም» ማለት

ይህን የሚሉት ፊኒክስን አይተው ነው። በ2024-25 ኬቨን ዱራንት፣ ብራድሊ ቢልና ዴቪን ቡከር ሦስቱ ብቻ ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰዱ። የዚያ ዓመት ጣሪያ 140.6 ሚሊዮን ነበር። ሦስት ሰው ብቻውን ከጣሪያው በላይ! ቡድኑ 36 አሸንፎ 46 ተሸነፈ፤ ፕሌይ ኦፍ (ዋንጫው የሚወሰንበት ጥሎ ማለፍ) እንኳ አልገባም። ሁሉም ሰው «አየህ፣ ለጥቂት ሰው ማፍሰስ ይገድላል» አለ።

በ2007-08 ቦስተን ምን አደረገ? ኬቨን ጋርኔት፣ ፖል ፒርስና ሬይ አለን። የሦስቱ ደሞዝ ተደምሮ የዚያን ዓመት ጣሪያ ያህል ነበር፤ ወደ 56 ሚሊዮን። ቅርጹ ከፊኒክስ ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 24 ብቻ ያሸነፈው ቦስተን 66 አሸነፈ፤ ዋንጫም ወሰደ።

ልዩነቱ ከሦስቱ ውጪ ነው። ቦስተን ራጆን ሮንዶን በጀማሪ ውል ይዟል። ጄምስ ፖዚን የመሳሰሉ ልምድ ያላቸውን ሰዎች በመጠነኛ ገንዘብ አስፈርሟል። ጋርኔት ደግሞ መከላከሉን ሙሉ ይመራ ነበር። ፊኒክስ ግን ይህንን ለማድረግ እጁ ታስሮ ነበር። በ2023 የወጣው የሊጉ ስምምነት «ሁለተኛው ኤፕረን» የሚባል፣ ከጣሪያው በላይ ያለ የደሞዝ መስመር አለው። ያንን ያለፈ ቡድን የሁለት ተጫዋች ደሞዝ ደምሮ አንድ ሰው ማምጣት አይችልም፤ መካከለኛ ደሞዝ የሚከፈለው ሰውም ማስፈረም አይፈቀድለትም። የሚቀረው ዝቅተኛ ደሞዝ የሚቀበል ሰው መፈለግ ነው። ቢል ደግሞ ያለ ፈቃዱ እንዳይሸጥ ውሉ ይከለክል ነበር።

ስለዚህ የ2008ን ቅርጽ ከ2025ቱ ጋር በአንድ ሚዛን አትመዝኑ። በዛሬው ሕግ ከላይ መክበድ ከታች ያስርባል። ያኔ እንዲህ አልነበረም።

ቅናትን ሳይለኩ ምክንያት ማድረግ

ይህ ለእኛ ሰው ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም እናውቀዋለን። ጎረቤትህ የተሻለ ሲከፈለው ያምማል። ስለዚህ ልጆቹ «ልዩነት ቅናት ያመጣል፣ ቅናት ኳስ አያቀባብልም» ይላሉ። ደስ የሚል አባባል ነው። ማስረጃው ግን የት አለ?

የራሳችንን ቡድን ልንገራችሁ። በ2016-17 በዋሽንግተኑ ቡድን በዊዛርድስ ውስጥ መሪው ዎል ነበር። ደሞዙ 17 ሚሊዮን። ብራድሊ ቢል 22 ሚሊዮን። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዎል የፈረመው በ2013 ነው፣ ቢል የፈረመው በ2016 ክረምት። በዚያ ክረምት በአዲሱ የቴሌቪዥን ገንዘብ ምክንያት ጣሪያው ከ70 ሚሊዮን ወደ 94 ዘለለ። ትንሹ ከታላቁ በላይ ተከፈለው። በእነሱ ላይ ኢያን ማሂንሚ ወደ 16 ሚሊዮን ይወስድ ነበር፤ ዓመቱን በአብዛኛው በጉዳት አሳለፈ።

ቅናት ቡድን የሚያፈርስ ቢሆን ያ ቡድን ይፈርስ ነበር። 49 ጨዋታ አሸነፈ። ግንቦት ላይ ከቦስተን ጋር በስድስተኛው ጨዋታ፣ ሊያልቅ ወደ ሦስት ሰከንድ ተኩል ሲቀረው ዎል ሦስት ነጥቡን ከተተ። 92 ለ 91። ወደ ማስቆጠሪያው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ሲቆም እኛም እቤት ሶፋ ላይ ቆመን ነበር። ሰባተኛውን ጨዋታ ተሸነፉ፤ እሱ እስካሁን ያመኛል።

ቅናት የለም አላልኩም። ፒፔን በ1997 ተከፍቶ ቀዶ ሕክምናውን አዘግይቷል፤ ልሽጡኝም ብሏል። ሲመለስ ግን ቡድኑ ዋንጫ ወሰደ። ቅሬታ ካለ ቅሬታውን ለኩ። ደሞዝን አይታችሁ ቅሬታ አትገምቱ።

ደሞዝ መቀነስን እንደ ፍቅር ማስረጃ ማየት

ቲም ደንካን በ2012 ከ21 ሚሊዮን ወደ 9.6 ሚሊዮን ወረደ። ሳን አንቶኒዮ በ2014 ዋንጫ ወሰደ። ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ይጠቅሰዋል። የዚያ ፍጻሜ ምርጥ ተጫዋች ካዋይ ሌናርድ 1.9 ሚሊዮን ብቻ ይከፈለው እንደነበረ ግን ማንም አይጠቅስም።

ደርክ ኖቪትስኪም በ2014 ክረምት ተመሳሳይ ነገር አደረገ። ለ3 ዓመት 25 ሚሊዮን ተቀበለ። ሊያገኝ የሚችለውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ዳላስ በተረፈው ገንዘብ ቻንድለር ፓርሰንስን በ46 ሚሊዮን አመጣ። በ2015 በመጀመሪያው ዙር ወጡ። በ2016ም በመጀመሪያው ዙር ወጡ። የደርክ ልግስና ከደንካን አያንስም። የተረፈው ብር ምን ገዛ የሚለው ነው ጥያቄው። የዋጋ ቅናሽ ያደረገውን ሰው ስም ስትጽፉ አጠገቡ በቅናሹ የመጣውን ሰው ስም ጻፉ።

የእግር ኳስ ልምድን ይዞ መምጣት

አብዛኞቻችን ያደግነው በእግር ኳስ ነው። «አንድ ሰው ብቻውን አያሸንፍም» የሚለው ከዚያ የመጣ ነው። እዚያ አሥራ አንድ ሰው ነው፤ ኳሱ ኮከቡ ጋ ለደቂቃዎች ላይደርስ ይችላል። እዚህ አምስት ሰው ነው፤ ኮከቡ ከፈለገ በየጥቃቱ ኳሱን ይነካል፣ ከ48 ደቂቃ 38ቱን ሜዳ ላይ ይቆያል። በቅርጫት ኳስ የአንድ ሰው ክብደት ሌላ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ላይ ያያችሁትን ቁጥር እዚህ አታምጡ።

አንድ ጥናት ይዞ መሮጥ

በ2003 የወጣ የጀርመን ኢኮኖሚስቶች ጥናት በቅርጫት ኳስ ልዩነት ይጠቅማል አለ፤ በቤዝቦል ደግሞ ተቃራኒውን አገኘ። በ2004 አሜሪካ ውስጥ ዴቪድ ቤሪና ቶድ ጁዌል ኤንቢኤን አጥንተው ልዩነትና ድል ግንኙነት የላቸውም አሉ። አንዱን ብቻ ያነበበ ልጅ አንዱን ይዞ ይመጣል። ሁለቱንም አንብቡ፤ ከዚያ ማን የትኛውን ተጫዋች ቆጠረ፣ የትኛውን ዓመት፣ በምን ቀመር የሚለውን አወዳድሩ። ብዙውን ጊዜ ጠቡ እዚያ ላይ ነው።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሰ። አዲሶቹን ዓምዶች ጨምሯል። የተፈረመበት ዓመት፣ የውሉ ዓይነት፣ ደቂቃ። ደሞዙን በጣሪያው አካፍሏል። የአስር ቀን ልጆችን አውጥቷል። ያሰመረው መስመር ጠፍጣፋ ሆኗል፤ አልከፋውም። ያቃተው አንድ ረድፍ ነበር። ድሬይመንድ ግሪን፣ 2014-15፣ 915 ሺህ። በሜዳ ያደረገውን የሚለካው ሳጥን ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ነጥብ ብዙ አያገባም። ስንት ልጻፍለት?»

የመከላከልን ዋጋ በቁጥር ማውጣት አስቸጋሪ ነው። የቡድኑን ውጤት እሱ ሲገባና ሲወጣ ማየት ይቻላል፤ ግን ሲገባ ከሪም አብሮት ይገባል። ሁለቱን እንዴት ትለያቸዋለህ? ሌሎቹም ልጆች ወንበራቸውን እየሳቡ መጡ። ክፍሉን የምንለቅበት ሰዓት ሲደርስ ሳጥኑ ገና ባዶ ነበር።